የሎዳሞን ለቅሶ ልመልስ የሄድኩበት መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሆሳዕና የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። ከሆሳዕና አልፎ ወደ ከምባታ የሚዘልቀው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። መንገዱን በቅደም ተከተል የምጽፈው የማያውቀው እንዲያውቀው፣ የሚያውቀውም ስህተት ካገኘብኝ እንዲያርመኝ ብዬ ነው። ነገር ግን የሄድኩበት ምክንያት የሚያኮራ አይደለም፤ እሱን ሳልናገር ስለ ወንዙና ስለ ገበያው ብቻ ብጽፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል።

ንጉሠ ነገሥታችን ዘውድ በጫኑ ማግሥት ብዙ ፈረንጆች የሲኒማ ማንሻ መኪና እያስጫኑ ወደ አገራችን ገብተው ነበር። ከእነሱ አንዱ የደቡብን አገር ሕዝብ ማንሳት ፈልጎ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ ሲያፈላልግ እኔ ተገኘሁ። ገና ከትምህርት ቤት መውጣቴ ስለነበር ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ሲኒማ ላላየ ሰው ላስረዳ። በጨለመ አዳራሽ ውስጥ ነጭ ሸራ ይሰቀላል። ከኋላ መብራት ያለው መኪና ይዞራል፤ በሸራው ላይ ሰዎች ይሄዳሉ፣ ይስቃሉ፣ ይጣላሉ። ድምፅ ግን የላቸውም። በውጭ አገር አሁን ድምፅ የሚሰማበት ወጥቷል ይባላል፤ የእኛ ፈረንጅ መኪና ግን አይሰማም ነበር። አንባቢ ይህችን ነገር በልቡ ይያዝልኝ።

በከምባታ፣ ዶዮገና አጠገብ ስንደርስ ፈረንጁ የለቅሶ ሥርዓት ለማንሳት ፈለገ። በዚያ ቀን የሞተ ሰው አልነበረም። ስለዚህ በአገሩ የታወቁትን ባለክራር ሎዳሞን አስጠራናቸው። የሟች ፈረስ ባዶ ኮርቻ ተጭኖ፣ ጦሩ ወደ ታች ተዘቅዝቆ ሲዞር እሳቸው ክራራቸውን እየመቱ እንዲያዜሙ ነገርኳቸው። እሺ አሉና ቆሙ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«በማን ስም?»

በዚያ ሰፈር ለቅሶ ያለ ስም አይዜምም። ባለክራሩ የሟቹን ስም ከነአባቶቹ ጠርቶ፣ ሥራውን ተርኮ፣ በመጨረሻ አንዱን ጅማት ያላላል። ጅማቱ ሲላላ ሰውየው ሄደ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም ነበር፤ አልጠየቅኩምም። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው፤ ፈረንጁ ሰዓቱን ያያል። እኔም «በራስህ ስም አድርገው፤ ምን ቸገረህ» አልኳቸው። አባቴ የሚሆኑትን ሰው «አንተ» አልኳቸው። ኪሴ ውስጥ የአገረ ገዥው ደብዳቤ ነበረ። እኔ የለመንኩ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን የሰሙት ትእዛዝ ነው።

ዓይን ዓይኔን እያዩ በራሳቸው ስም አለቀሱ። የተሰበሰቡት ሴቶች የእውነት ጮኹ። ፈረንጁ እጄን ጨበጠኝ።

ከአንድ ዓመት በኋላ ያ ሥዕል አዲስ አበባ በአንድ አዳራሽ ታየ። የሎዳሞን ፊት በነጩ ሸራ ላይ አጉልተውት፣ አፋቸው ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ያለ ድምፅ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ከዚያ ደግሞ አንድ ዓመት አለፈ። አኑሎ የሚባል የሀዲያ ሰው፣ ከሆሳዕና ከነጋዴ ጋር ቅቤና ቆዳ የሚያመላልስ ባለበቅሎ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ አስጠራኝ። መልእክቱ አጭር ነበር፦ ሎዳሞ ሰርግም ለቅሶም መጠራት ቀርቶባቸዋል፤ ሰው ከእሳቸው ጋር ከአንድ ገበታ አይበላም፤ የተለቀሰለት ሰው ሙት ነውና። «ያስለቀሰኝ ሰው መጥቶ ይፍታኝ» ብለዋል።

የትምህርት ቤቱን አለቃ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ለመንኩ። ሄጄ አስረዳለሁ፣ ነገሩ ያልቃል ብዬ አሰብኩ።

የመጀመሪያው ቀን

ጥር ነበር፤ መንገዱ ደረቅ ነው። ሁለት በቅሎ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ጃንጥላ፣ በሶ፣ አንድ ሣጥን መጽሐፍ ያዝኩ። መጽሐፉ ስለ ጤና፣ ስለ ምድር ቅርጽና ስለ ከንቱ እምነት የሚያስረዳ ነው። አኑሎ ሣጥኑን ሲያነሳ አቃሰተ።

«ጌታው፣ ይህች በቅሎ ማንበብ ትችላለች?»

«ለሎዳሞ አገር ሽማግሌዎች ነው። አስረዳቸዋለሁ።»

«እነሱም አይችሉም» አለና ጫነው።

አኑሎ የአባቴ እኩያ ነው፤ አጭር፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሲስቅ ድምፅ የማያሰማ ሰው። በመንገድ ሁሉ «አንተ» ነበር የምለው። አሁን በጽሑፍ «አንቱ» ብል ማስመሰል ስለሚሆንብኝ እንደ ነበረው እተወዋለሁ።

ዓለም ገና አጠገብ አንድ ገበሬ ቤት አደርን። ቁንጫው የቤቴን አልጋ አስናፈቀኝ። አኑሎ ከበቅሎዎቹ ጋር ውጭ ተኝቶ ደህና እንዳደረ ነገረኝ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን

አዋሽን በመልካ ቁንጥሬ ተሻገርን። የአዲስ አበባ ሰው ወንዝ ሲባል ቀበና ይመስለዋል። አዋሽ በበጋም ቢሆን እስከ በቅሎ ሆድ ይደርሳል። ከመሐል ስንደርስ ሣጥኑን የጫነችው በቅሎ ቆመች፤ ከዚያ እንደ ደከማት እመቤት ቀስ ብላ ተቀመጠች። አኑሎ ጅራቷን፣ እኔ ልጓሟን ስንጎትት ሣጥኑ ጠጥቶ ጠገበ።

ማዶ ወጥተን መጽሐፎቹን በሣር ላይ አሰጣናቸው። መንገደኞች ሸቀጥ መስሏቸው እየቆሙ ዋጋ ጠየቁ። አኑሎ «ሲደርቅ ኑ፣ ገና አልበሰለም» እያለ ሸኛቸው። ከንቱ እምነትን የሚነቅፈው መጽሐፍ ገጾቹ ተጣብቀው እስከ ዛሬ አልተገለጠም። በብራና ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ የያዝኩት ፎቶግራፍ ግን ተረፈ። ፈረንጁ የላከልኝ የሎዳሞ ፎቶግራፍ ነው፤ ክራራቸውን እንደያዙ። ብሰጣቸው የሚደሰቱ መስሎኝ ነበር።

ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን

ጢያን አልፈን ቡታጅራ ገባን፤ ከዚያ በስልጤ አገር ሁለት ቀን ተጓዝን። ከቡታጅራ ወዲህ የጤፍ እርሻ እየሳሳ፣ በየቤቱ ዙሪያ እንሰት እየበዛ ይሄዳል። እንሰት ላላየ ሰው ሙዝ ይመስላል፤ ፍሬው ግን አይበላም። የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው፤ ተፍቆ፣ ጉድጓድ ተቀብሮ፣ ቆይቶ ቆጮ ይሆናል። እኛ ዝናብ ከቀረ እንራባለን፤ እነሱ ምግባቸው በጓሮ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ይህን ለተማሪዎቼ ለመንገር ጻፍኩት።

አኑሎ የሎዳሞን ሕይወት የነገረኝ በእነዚህ ቀናት ነው። ክራሩን ያስተማራቸው የእናታቸው ወንድም ነበር። ጢም ሳያወጡ በዶዮገና ገበያ፣ በሙዱላ ገበያ፣ በአንጋጫ እየዞሩ ይመቱ ነበር። የሸዋ ጦር ወደዚያ አገር የገባ ጊዜ ጎረምሳ ነበሩ። በዚያ ዓመት የሞተው ሰው ከመብዛቱ የተነሳ፣ ባለክራሮቹም ስለተበተኑ፣ ብዙው ሳይለቀስለት ተቀበረ። አገሩ ከረጋ በኋላ ሎዳሞ በየቤቱ እየሄዱ ያልተለቀሰለት ማን እንደሆነ ጠየቁ። ስሙን ከነአባቶቹ እያጠኑ፣ ለእያንዳንዱ ለብቻው፣ አንዳንዴ ከሞተ ዓመታት ላለፉት፣ አዜሙላቸው። ይህን ጨርሰው ራሳቸውን ቀና ሲያደርጉ ጎልማሳ ሆነው ነበር አለኝ።

«ስም ሳይጠራ የሄደ ሰው እንዳይኖር ነው» አለ አኑሎ። «ከዚያ ወዲህ እዚያ አገር ከሎዳሞ በላይ የሚከበር ባለክራር የለም። አልነበረም ልበል።»

አባቴ በዚያ ዘመቻ ነበሩ። ሲያወሩት የሰማሁት ግን የአገሩን ቅቤ ብዛት ብቻ ነው። ይህን ለአኑሎ አልነገርኩትም። የቀረውን መንገድ ብዙ አላስረዳሁም።

ሰባተኛው ቀን

ሆሳዕና ገባን። የአገሩ ሰው ዋቸሞ ይላታል። ከተማዋ ከእኛ ሠፈር አትሰፋም፤ ቤተ ክርስቲያን፣ የአገረ ገዥው ግቢ፣ ገበያ፣ የሹማምንትና የነጋዴ ቤቶች። አማርኛ በገበያም በግቢም ይሰማል። ነፋሱ ከእንጦጦ ነፋስ ጋር ወንድማማች ነው።

ያረፍኩት የአባቴ የሩቅ ዘመድ የሆኑ የግቢው ጸሐፊ ቤት ነው። በግ ጣሉልኝ፤ አልጋቸውን ለቀቁልኝ፤ ባለቤታቸው የረጠበ ልብሴን በእጃቸው አጥበው አሰጡት። ጉዳዬን ስነግራቸው ጸሐፊው ጠላቸውን አስቀመጡ።

«ለአንድ አዝማሪ ብለህ ነው ይሄን ሁሉ መንገድ?»

«አጥፍቻለሁ ጋሼ።»

«ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ። ባላባቱ እንዲያስታርቀው ይታዘዛል። በቃ።»

ደብዳቤውን አልፈልግም አልኩ። ይህን በማለቴ በዚያች ቀን በራሴ ኮርቼ ነበር። አንባቢ ኩራቴን ልብ ይበል፤ ዕድሜው ሦስት ቀን ነው።

ስምንተኛው ቀን

ከሆሳዕና ወደ ዶዮገና በሚወስደው መንገድ፣ በሌሞ፣ የአኑሎ እህት ትኖራለች። ባሏ የሞተባት፣ ቁመቷ ከወንድሟ የሚረዝም ሴት ናት። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ የምትናገረውን ግን አስባ ነው የምትናገረው። አኑሎ ሚስቱ ሞታለች፣ ልጅም የለው፤ በምድር ላይ ያለችው ዘመዱ እሷ ብቻ ናት።

አታካና ሠራችልን። ይህ ከእንሰት የሚወጣውን ነጭ ቡላ በቅቤና በወተት እያማሰሉ የሚሠሩት፣ ለክብር እንግዳ የሚቀርብ ምግብ ነው። ቅቤው ከላይ ስለሚተኛ እንፋሎት አይታይበትም። የቀዘቀዘ መስሎኝ በትልቁ ጎረስኩ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ምላሴ እስከ ማግሥቱ ጣዕም አልለየም። እንግዳ ሆኖ መትፋት ነውር ስለሆነ ዋጥኩት። አኑሎ ያለ ድምፅ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እህቱ አልሳቀችም። እርጎ በቅል አምጥታ በእጄ አስያዘችኝና «ቀስ» አለችኝ። «ምግብ አይሮጥም።»

ዘጠነኛው ቀን

ወደ ዶዮገና ሲወጣ አገሩ ከፍ ይላል፤ ገብስና ስንዴ ይበዛል፣ ብርዱ ይጠነክራል። የሎዳሞ ቤት ከገበያው አልፎ ዳገት ላይ ነው። ጓሮአቸው እንሰት ሞልቶ ቤቱ ግን ጸጥ ያለ ነበር። እንደኛ አገር ቢሆን እንግዳ ሲመጣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ማንም አልመጣም። አንድ ጎረቤት በአጥር በኩል እጁን ለአኑሎ አነሳ፤ ወደ ሎዳሞ ግን አላየም።

ሎዳሞ ከስተዋል። ብድግ ብለው ተቀበሉኝ። «እንደምን ነዎት» አልኳቸው። «አንቱ» ስላቸው ግራ እንደ ተጋባ ሰው አዩኝ፤ ከዚያ አጎነበሱ። ማጎንበሳቸው ካለፈው «አንተ» ይበልጥ አሳፈረኝ። ባለቤታቸው ቆጮና ጎመን አቀረቡ፤ ሎዳሞ ግን ፈቀቅ ብለው ለብቻቸው በሌላ የእንሰት ቅጠል ላይ በሉ። ከእኔ ጋር እንዲበሉ ስለምናቸው «ለአንተ ብዬ ነው» አሉኝ።

ከምሳ በኋላ ፎቶግራፉን አወጣሁ። ብዙ ጊዜ አዩት። እኔ ፊታቸውን የሚያዩ መስሎኝ ነበር፤ የሚያዩት ጣታቸውን ነው።

«ጣቴ ቦታው ላይ ነው» አሉ። በአማርኛ ነው የሚያወሩት፤ ቃላቸውን አንድ በአንድ እያስቀመጡ። «ጅማቱ ገና አልላላም። ይሄ ከመጨረሻው በፊት ነው።» ከዚያ ቀና አሉ። «እዚያ ያዩት ሰዎች አለቀሱ?»

«ዝም ብለው አዩ» አልኩ። ዋሸሁ።

«ድምፄ ደህና ተሰማ? ያን ቀን ጉንፋን ነበረብኝ።»

እንግዲህ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ ያልኩትን ነገር ያውጣ። መኪናው ድምፅ እንደማይዝ ነገርኳቸው። አልገባቸውም። ደግሜ በጥንቃቄ አስረዳሁ፤ ማስረዳት ሥራዬ ነው። የሚይዘው ብርሃን ብቻ ነው፣ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ የሚባለው ግን አይሰማም አልኩ። አኑሎ በከምባትኛ ጨመረላቸው። ሎዳሞ ፎቶግራፉን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ማንም አልሰማኝም?»

«ማንም።»

«ታዲያ አፌን ብቻ ባንቀሳቅስ አይበቃም ነበር?»

 ይበቃ ነበር። ያን ቀንም ይህን አውቅ ነበር፤ እጄ ውስጥ የነበረ ነገር ነው። «መኪናው አይሰማም፤ ዝም ብለው ከንፈርዎን ያንቀሳቅሱ» ለማለት የአንድ ትንፋሽ ጊዜ በቂ ነበር። ግን የሚጠይቁኝ ሰው ለምን እንደሚጠይቁ ማወቅ አልፈለግኩም፤ ፀሐይዋ ትጠልቃለች ብዬ ነበር።

ሎዳሞ አልተቆጡም። የፈሩት ምን እንደሆነ ብቻ ነገሩኝ። ሰርጉ ቢቀር ይቅር፣ ገበታውም ይቅር አሉ። ነገር ግን ሲሞቱ ፈረስ የሚያዞርላቸው፣ ስማቸውን የሚጠራላቸው የለም፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይለቀስለትምና። ያን ሁሉ ያልተለቀሰለት ሰው ያስለቀሱ ሰው፣ የራሳቸውን አንዲት ለቅሶ ለማይሰማ ብረት አወጡት።

አሥረኛው ቀን

ሽማግሌዎቹ በለቅሶው ሜዳ ዳር ባለው ትልቅ ዝግባ ሥር ተሰበሰቡ። ሜዳው ፈረንጁ መኪናውን የተከለበት ነው። አኑሎ አስተረጎመልኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ፤ ይህን ያህል ደህና ሄድኩ። ከዚያ ማስረዳት ጀመርኩ። ስም ድምፅ ብቻ እንደሆነ፣ ሞት ከእግዚአብሔር እንጂ ከክራር እንደማይመጣ፣ ሎዳሞ እነሆ በሕይወት እንደተቀመጡ፣ በአዲስ አበባ የተማረ ሰው ሁሉ ይህን እንደሚያውቅ ተናገርኩ። መጽሐፎቼ ቢደርቁ ኖሮ አሳያቸው ነበር። አኑሎ መጀመሪያ ሁሉንም ይተረጉም ነበር፤ ቆይቶ ብዙውን በአንድ ቃል ማሳለፍ ጀመረ።

ስጨርስ ከሁሉ የሚበልጡት ሽማግሌ ተናገሩ። አኑሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ለቅሶ ከወጣ አይመለስም ይላሉ። ግን ባለቤት አለው። ያዘዘው ሰው ከፈለገ ይወስደዋል። ስምህን ከነአባቶችህ ስጣቸው፤ ሎዳሞ ዛሬ እዚሁ በስምህ ደግሞ ያዜመዋል። ከሎዳሞ ላይ ወርዶ አንተ ላይ ይሆናል። ሎዳሞም ሰው ይሆናል።»

ነገሩን ላስረዳ። ይህ እኔን የሚያስከፍለኝ ምንም አልነበረም። እዚያ አገር አልኖርም፣ ከዚያ ሰፈር ሰው ጋር አልበላም፣ ስሞት የሚያለቅሱልኝ ሌሎች ናቸው። ግማሽ ቀን ሙሉ ባዶ ነው ብዬ ያስረዳሁት ነገር ነው።

ፈረሱን አመጡት። ባዶውን ኮርቻ አየሁት። እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ብትሰማ ምን ትላለች አልኩ። ገና ትዳር አልያዝኩም አልኩ። ወደ ኋላ ፈቀቅ አልኩ።

ሽማግሌው አንድ ቃል አሉ። አኑሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተረጎመው፦ «ባዶ ከሆነ ለምን ትፈራለህ?»

«አልፈራሁም» አልኩ። «ግን የንስሐ አባቴን ልጠይቅ። ጠይቄ እመለሳለሁ።»

አኑሎ ይህን አልተረጎመውም። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ በከምባትኛ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ሁሉም እሱን አዩት። ሎዳሞ ከተቀመጡበት ተነስተው እጁን ያዙት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሱ እየሳቀ እጃቸውን ወደ ክራሩ መለሰው።

«ምን አልካቸው?» አልኩት።

«ስሜን ሰጠሁ።»

«ለምን?»

«መንገዱን አይተኸዋል ጌታው። ንስሐ አባትህ ጋ ደርሰህ እስክትመለስ ሎዳሞ ይሞታል። እኔ ደግሞ ልጅ የለኝ፤ ለቅሶዬን ቀድሜ ባየው ምን አለበት? ብዙ ሰው አያገኘውም።»

ክራሩ ጀመረ። እጄን አንስቼ «የለም፣ የእኔ ነው» ማለት እችል ነበር። ዜማው ረጅም ነው፤ አባቶቹ እስኪቆጠሩ ብዙ ጊዜ ነበረኝ። እጄ ጉልበቴ ላይ ነበረ። የተሰማኝን በግልጽ ልጻፈው፦ እፎይታ ነው የተሰማኝ።

ፈረሱ ዞረ፣ ጦሩ ተዘቀዘቀ፣ ሴቶቹ ጮኹ። አኑሎ የራሱን ለቅሶ ሲሰማ እንደ ገበያ ሰው እጁን አጣምሮ ቆሞ ነበር። ሎዳሞ ድምፃቸው ሁለት ጊዜ ተሰበረ፤ ያ መኪና ድምፅ የሚይዝ ቢሆን ኖሮ ማንም በዚያ አዳራሽ ባልሳቀ ነበር። በመጨረሻ ጅማቱን አላሉት። ከዚያ፣ ሽማግሌው ሲፈቅዱላቸው፣ መልሰው ወጠሩት።

ምግብ ቀረበ። ሎዳሞን መሐል አስቀምጠው ሽማግሌው ራሳቸው አጎረሷቸው። ባለቤታቸው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔንም ከሽማግሌዎቹ ጋር አስቀመጡኝ። አኑሎ ማንም ሳይነግረው ተነስቶ ከዝግባው ጥላ ውጭ ለብቻው ተቀመጠ። በሌላ ቅጠል ላይ የራሱን ድርሻ ሰጡት። ከሩቅ ሲያየኝ፣ ብላ እንጂ እንደማለት እጁን ወደ አፉ አደረገ።

አሥራ አንደኛው ቀን

ወደ ሌሞ ወረድን። አኑሎ መንገዱን ሁሉ ለበቅሎዋ ብቻ ያወራላት ነበር።

እህቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችን። አኑሎ በሀዲይኛ ነገራት። ስሜ በመሐሉ አልተጠራም፤ ይህንን በጆሮዬ ጠብቄ ነበር። ወንድሟን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ያላት አማርኛ ትንሽ ቢሆንም አንድ ክፉ ቃል አይጠፋትም፤ እሱን ጠብቄ ቆምኩ።

ገባችና አታካናውን አወጣች። አስቀድማ ሠርታ፣ ምላሴን እንዳያቃጥለው ለእኔ የተለየውን አቀዝቅዛው ነበር። አስቀመጠችልኝ። በጣቷ ዳር ዳሩን ነክታ ሙቀቱን አየች።

«በርዷል» አለችኝ። «ብላ።»

ለወንድሟ የቀረበው ለብቻው በሌላ ዕቃ ነበር። ሕጉ ሕግ ነው፤ የእህት ቤትም ቢሆን። እሷ ግን የራሷን ምግብ ይዛ ከእሱ ጋር፣ ከእኔ ርቃ፣ ግድግዳው ሥር ተቀመጠች።

ያቺን ሳህን ጨርሼአለሁ። እንዴት እንደጨረስኳት አላውቅም።

ስንነሳ እህቱን «ሲሞቱ ላኪብኝ፤ መጥቼ አለቅሳለሁ። እኔ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም፤ ሕጉ እኔን አይከለክልም» አልኳት። ስለ አኑሎ «ሲሞቱ» ብዬ በአንቱ ስናገር እሱ ቀና ብሎ ትከሻውን አነቃነቀ።

«ለቅሶ ታውቃለህ?» አለችኝ።

አላውቅም አልኩ። እማራለሁ አልኩ። 

መመለሻ

ከአኑሎ ጋር በሆሳዕና ተለያየን፤ እኔን የመለሰኝ የነጋዴዎች ጓዝ ነው። ከመለያየታችን በፊት በገበያው ዳር ተቀምጠን ደብተሬን አወጣሁ። ለቅሶ ከስም ይጀምራል አልኩት፤ አባቶችዎን ይቁጠሩልኝ። በሜዳው ሲጠሩ ሰምቼአቸው ነበር፤ ያኔ የምሰማው ግን የራሴን ልብ ነበር።

«ብዙ ነው ጌታው። ከእኔ ጀምሮ ሰባት ይጠራል።»

«ሰባቱንም።»

እየተቆጠበ ነገረኝ፤ እኔም እየደገምኩ ጻፍኩ። አንዱን አሳስቼ ስጠራው እንደ ተማሪ አረመኝ። ስድስተኛውን እንደ ነገረኝ ተነስቶ የበቅሎዋን መቀነት ማጥበቅ ጀመረ።

«ሰባተኛውስ?»

«እሱን ለለቅሶዬ ስትመጣ እህቴ ትነግርሃለች» አለ።

አዲስ አበባ ከገባሁ ቆይቻለሁ። ተማሪዎቼ ስለ እንሰት ጠይቀውኝ አስረድቻለሁ። ከሆሳዕና ቅቤ ይዞ የሚመጣ ነጋዴ ሳገኝ ስለ አንድ አጭር ባለበቅሎ እጠይቃለሁ፤ እስካሁን ደህና ነው ይሉኛል። ሎዳሞ ደግሞ በዚህ ዓመት በሦስት ሰርግ እንደመቱ ሰምቻለሁ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ስሞቹን በቃሌ እላቸዋለሁ፦ አኑሎ፣ ሄራሞ፣ ኤርጊቾ፣ ዳንቴቦ፣ ሀንዲሶ፣ ሎምቤቦ። ከዚያ ሰባተኛው ቦታ ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ።